ተመን የሚደብቀው ዋጋ፦ የምግብ ገበያ ቁጥጥር ምን ላይ ያተኩር?

የምግብ ዋጋ በናረ ቁጥር በሀገራችን የሚወሰዱት እርምጃዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። መንግሥት የዋጋ ጣሪያ ያወጣል፤ ግብረ ኃይል ይቋቋማል፤ «ያለአግባብ ዋጋ ጨምረዋል» ወይም «ምርት ደብቀዋል» የተባሉ ሱቆችና መጋዘኖች ይታሸጋሉ፤ ስኳርና ዘይት በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል በኮታ ይከፋፈላሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመኑ በይፋ ይነሣል፣ አለዚያም ማንም ሳያነሣው ይረሳል። የመንግሥት ሥርዓት ሲለወጥ እንኳ ይህ ልማድ ብዙም አልተለወጠም።

በዚህ ልማድ ላይ የሚካሄደው ክርክር ሁለት ጎራ አለው። አንደኛው ወገን የችግሩን ምንጭ በነጋዴው ስግብግብነት ያያል፤ መንግሥትም ክንዱን እንዲያጠነክር ይጠይቃል። ሌላኛው ወገን ገበያው በራሱ ሕግ ይመራ ይላል፤ ማናቸውንም ተመን እንደ ጥፋት ይቆጥራል። ሁለቱ ወገኖች በብዙ ቢለያዩም አንድ ግምት ይጋራሉ፤ ዋጋ ማለት ሸማቹ ለሻጩ ቆጥሮ የሚሰጠው ብር ነው ብለው ይነሣሉ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚጀምረው ይህንኑ ግምት ከመጠየቅ ነው። አንድ ቤተሰብ ለምግብ የሚከፍለው ሙሉ ዋጋ አራት ነገሮችን ያጠቃልላል፤ ብር፣ ክብደት፣ ጥራትና ጊዜ። ተመን ከእነዚህ አንዱን ብቻ ያስራል። ብሩ ሲታሰር ጭማሪው በቀሩት በሦስቱ በኩል መውጫ ያገኛል። በመሆኑም የመንግሥት ቁጥጥር ትኩረት ከብሩ ወደ እነዚህ ወደ ሦስቱ መዞር ይኖርበታል፤ እኛ ተመራማሪዎችም የምንለካውን ነገር እንደገና መመርመር ይገባናል እላለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የ2003 ዓ.ም. ተሞክሮ

በቅርቡ ታሪካችን ግልጹ ምሳሌ የ2003 ዓ.ም. የዋጋ ጣሪያ ነው። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መጨረሻ የብር የምንዛሪ ዋጋ በአንድ ጊዜ ዝቅ ተደረገ፤ በ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ገደማ ወጣ። የዓለም የምግብ ዋጋም በዚያው መንፈቅ ያሻቅብ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚያወጣው የምግብ ዋጋ ጠቋሚ በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ እስከዚያ ዘመን ካስመዘገበው ሁሉ የላቀ ከፍታ ላይ ደርሷል። ከውጭ የሚመጣው ዘይት፣ ስንዴና ስኳር በሁለቱም በኩል ተወደደ። የሀገር ውስጥ የገንዘብ አቅርቦት ዕድገትም የራሱን ጫና ጨመረ።

በታኅሣሥ ወር መጨረሻ፣ የገና በዓል በተቃረበበት ሰሞን፣ የንግድ ሚኒስቴር ከ15 በሚበልጡ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ከእነዚህም መካከል ዘይት፣ ስኳር፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ሥጋና ፓስታ ይገኙ ነበር፤ ቢራም ሳይቀር ተተምኗል። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685/2002 ወጥቶ ስለነበር መንግሥት ለእርምጃው የሕግ መሣሪያ በእጁ ነበረው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርምጃው በብዙ ሸማቾች ዘንድ በደስታ ተቀባይነት አገኘ። ቀጥሎ ግን ዘይትና ስኳር ከሱቅ መደርደሪያ ጠፉ፤ በቀበሌና በማኅበራት ሱቆች በር ወረፋ ረዘመ። ከአምስት ወር ገደማ በኋላ መንግሥት ከጥቂት መሠረታዊ ሸቀጦች በስተቀር ተመኑን አነሣ። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ዓመታዊው አጠቃላይ የዋጋ ግሽበት 40 በመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የችኮላ መደምደሚያ መውሰድ አይገባም። ግሽበቱን ተመኑ አመጣው ማለት አይቻልም፤ መንሥኤዎቹ ቀድመው የነበሩ ናቸውና። ይሁን እንጂ ተመኑ እነዚያን መንሥኤዎች የሚነካበት መንገድ አልነበረውም። በምንዛሪ ለውጥና በገንዘብ አቅርቦት ዕድገት የመጣ ንረት በጥቂት ሸቀጦች ላይ ጣሪያ ሲበጅለት፣ በሸማቹ ኪስ የቀረው ብር ወዳልተተመኑት ሸቀጦች ይዞራል፤ የእነዚያም ዋጋ በዚያው ልክ ይጨምራል። ከዚህ የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባው ግን በእነዚያ አምስት ወራት ውስጥ በተተመኑት ሸቀጦች ላይ የሆነው ነገር ነው።

ጭማሪው የሚወጣባቸው ሦስት በሮች

የመጀመሪያው በር ክብደት ነው። ለዚህ ዳቦን የመሰለ ምሳሌ የለም። 100 ግራም የሚመዝን ዳቦ በ5 ብር እንዲሸጥ ተተመነ እንበል። የዱቄቱ፣ የማገዶውና የሠራተኛው ወጪ ሲጨምር ዳቦ ጋጋሪው ሦስት ምርጫ አለው፤ መክሰር፣ መዝጋት ወይም ሊጡን ማሳነስ። ዳቦው ወደ 80 ግራም ሲወርድ በተመኑ ሰሌዳ ላይ የሚነበበው ያው 5 ብር ነው። የአንድ ኪሎ ዳቦ ዋጋ ግን ከ50 ብር ወደ 62 ብር ከ50 ሳንቲም ወጥቷል፤ ጭማሪው 25 በመቶ ነው። ይህ ጭማሪ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። የምታውቀው እናት ብቻ ናት፤ ትናንት ለአራት ልጆች ያዳረሰችው ዳቦ ዛሬ ለሦስቱ ብቻ ሲበቃ።

ሁለተኛው በር ጥራት ነው። እንጀራ ከጀሶ፣ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከባዕድ ስብ ጋር ተቀላቅሎ መያዙ በየጊዜው ሲዘገብ የቆየ ጉዳይ ነው። ባዕድ ነገር መቀላቀል የሚመጣው በተመን ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ዋጋ ባልተተመነበት ገበያም ይኖራል። ነገር ግን ሻጩ የወጪውን ጭማሪ በዋጋው ላይ በግልጽ እንዳያሳይ ሲከለከል፣ ጭማሪውን በዕቃው ውስጥ የመደበቅ ፍላጎቱ ያድጋል። ጥሩውን ከመጥፎው በዓይን መለየት በማይቻልበት ሸቀጥ ላይ ደግሞ የሚጎዳው ሐቀኛው ነጋዴ ነው። ንጹሕ በርበሬ የሚሸጠው ሰው ከቀላቃዩ ጋር እኩል ዋጋ እንዲቀበል ሲገደድ፣ ወይ ከገበያው ይወጣል፣ ወይም እርሱም መቀላቀል ይለምዳል። ክብደት ሲጎድል የሚጎድለው ገንዘብ ነው፤ ጥራት ሲጎድል ግን ጤናም አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው በር ጊዜ ነው። በተመን የሚሸጥ ዘይት ከነጻው ገበያ ዘይት በሊትር 20 ብር ይቀንሳል፣ ለአንድ ቤተሰብም 3 ሊትር ይደርሰዋል እንበል። ቤተሰቡ በጠቅላላው 60 ብር ያተርፋል። የቤቱ አባወራ በቀን 8 ሰዓት ሠርቶ 240 ብር የሚያገኝ የቀን ሠራተኛ ቢሆን የአንድ ሰዓት ሥራው 30 ብር ያወጣል። ዘይቱን ለማግኘት ሦስት ሰዓት ከተሰለፈ 90 ብር አጥቷል ማለት ነው። በቅናሽ ገዛሁ ብሎ 30 ብር ከስሮ ይመለሳል። ለመሰለፍ የቤት ሠራተኛ የሚልክ ቤተሰብ ወይም ከሱቁ ኃላፊ ጋር ትውውቅ ያለው ሰው ግን 60 ብሩን በሙሉ ያተርፋል። ለድሃው ታስቦ የወጣ ተመን ጥቅሙን ጊዜና ትውውቅ ላላቸው ያስተላልፋል ማለት ነው። ወረፋ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ በቀን ገቢ ለሚያድር ሰው ግን ከሁሉ የከበደ ግብር ነው።

እነዚህ አኃዞች ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። የሚያሳዩት አካሄድ ግን በዋጋ ጣሪያ ንድፈ ሐሳብ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ፍላጎት ከአቅርቦት በላይ ሲሆንና ብር ሚዛኑን እንዳይጠብቅ ሲታገድ፣ ሌላ ነገር ሚዛኑን ይጠብቃል።

መለኪያው ሲታወር

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች በተለይ የማነሣው ቀጣዩን ነጥብ ነው። የዋጋ ቁጥጥር ተሳካ ወይስ ከሸፈ ብለን የምንፈርደው በአብዛኛው በሸማቾች የዋጋ ጠቋሚ ነው። ጠቋሚው በየወሩ ከየገበያው ከሚሰበሰብ ዋጋ ይሠራል። ተመን በወጣበት ወር መረጃ ሰብሳቢው ወደ ሱቅ ሲገባ ባለ ሱቁ የሚነግረው ዋጋ የትኛው ነው? ቅጣት የሚፈራ ነጋዴ ተመኑን ይናገራል። ዘይቱ በሱቁ ባይኖርም፣ ከጓሮ በሌላ ዋጋ ቢሸጥም፣ በቅጹ ላይ የሚሰፍረው ተመኑ ሊሆን ይችላል። ዳቦው ሊመዘን ካልቻለም 80 ግራሙ እንደ 100 ግራም ይቆጠራል።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ቀላል አይደለም። ተመኑ በሥራ ላይ ባለበት ወቅት ጠቋሚው ከእውነተኛው ንረት በታች ያሳያል፤ ተመኑ ሲነሣ ደግሞ የተደበቀው ጭማሪ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። ተመልካቹም «ተመኑ ሳለ ዋጋው ተረጋግቶ ነበር፤ ሲነሣ ናረ» ብሎ ይደመድማል። ፖሊሲው የሚመዘንበትን ሚዛን ራሱ ፖሊሲው አዛብቶታል። የ2003 ዓ.ም.ን ወርኃዊ ተከታታይ መረጃ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚጠቀም ተማሪ ይህን ሳያስተካክል ወደ ስሌት ቢገባ፣ የስሌቱ ርቀትና ጥልቀት ከስሕተት አያድነውም።

ለደመወዝ፣ ለጡረታና ለድጋፍ ክፍያ ማስተካከያ መነሻ የሚሆነውም ይኸው ጠቋሚ ነው። ጠቋሚው ዝቅ ብሎ ሲታይ ማስተካከያውም ዝቅ ይላል። የተደበቀው ዋጋ ድሃውን በዚህ መንገድ ሁለተኛ ጊዜ ይጎዳዋል።

ማከማቸትና መደበቅ

የዋጋ ቁጥጥር ዘመቻ ሲጀመር ቀድሞ የሚነሣው ክስ ምርት ደበቃ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም እንደ ቀደመው አዋጅ እጥረት ያለበትን ዕቃ ማከማቸትና መደበቅን ይከለክላል። የክልከላው ዓላማ ተገቢ ነው። ችግሩ በሜዳ ላይ አንዱን ከሌላው የሚለየው ማነው የሚለው ነው።

የእህል ምርታችን በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሰበሰባል። የሚበላው ግን በአሥራ ሁለቱም ወራት ነው። ጥር ላይ የተወቃውን ጤፍ እስከ ነሐሴ የሚያቆይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ገንዘቡን አስሮ ወለድ ይከፍላል፣ መጋዘን ይከራያል፣ ነቀዝና እርጥበት የሚያበላሹበትን ይሸከማል። ጥር ላይ 100 ብር የገዛውን ነሐሴ ላይ 100 ብር ሽጥ ከተባለ ማስቀመጡን ይተዋል። ያኔ እህሉ በበጋው ይበላል፣ ክረምቱም ባዶ ይሆናል። በበጋና በክረምት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ብዝበዛ አይደለም፤ አንዱ ክፍል እህልን ከጥጋብ ወር ወደ እጦት ወር የማሻገር ኪራይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው፣ ነጋዴዎች ተመካክረው ያነሡት ክፍል ግን ሊመረመርና ሊቀጣ ይገባዋል። መጋዘን ውስጥ እህል መገኘቱ ብቻውን ሁለቱን አይለይም።

ይህን ልዩነት ያልጠበቀ ቁጥጥር ወዴት እንደሚያደርስ የደርግ ዘመን ታሪክ ያሳየናል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተወሰነ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። ዋጋው ከነጻው ገበያ እጅግ ያነሰ ነበር። እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ ትርፍ አምራች ክፍላተ ሀገራት የግል ጅምላ ንግድ እስከ መታገድ ደርሷል፤ በየኬላውም እህል ይፈተሽና ይያዝ ነበር። ኮታውን መሙላት ያቃተው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። የከተማው ነዋሪ በቀበሌ ሱቅ በቅናሽ የሚያገኘው ኩንታል ሒሳቡ የተከፈለው ከገበሬው ጎተራ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፣ ኬላውም ተነሣ።

የኬላው ነገር ግን ያለፈ ታሪክ ብቻ አልሆነም። በቅርብ ዓመታትም ከአካባቢ አካባቢ የሚደረገውን የእህል ዝውውር የሚያስተጓጉሉ ኬላዎች ለጤፍ መወደድ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነው ቆይተዋል። ዋጋን በአንድ እጅ እየተመኑ በሌላው እጅ መንገድ መዝጋት እርስ በርሱ የሚጣረስ ፖሊሲ ነው።

ስለ ደላላም እንዲሁ ማለት ይቻላል። በዘመቻ ሰሞን «ደላላ» የሚለው ቃል ከስድብ ተራ ይመደባል። እሌኒ ገብረ መድኅን በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ ባደረገችው ጥናት ያሳየችው ግን የአዲስ አበባ ደላሎች የማይተዋወቁ የክፍለ ሀገር ነጋዴዎችን በማገናኘትና ለአደራቸው በመቆም የፍለጋ ወጪን እንደሚቀንሱ ነው። ይህ ማለት ሁሉም ደላላ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ደላላው የሚሠራውን ሥራ የሚተካ ተቋም ሳይኖር ደላላውን ማባረር ሥራው እንዳይሠራ ያደርጋል ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ከእህል ይልቅ በቡናና በሰሊጥ ላይ ማተኮሩ የምግብ እህል ንግድን ወደ አዲስ ተቋም ማዛወር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያመለክታል።

ጠንካራው ተቃራኒ ክርክር

የዋጋ ቁጥጥርን የሚደግፉ ወገኖች ሁለት ክብደት ያላቸው መከራከሪያዎች አሏቸው፤ ሁለቱም በቅጡ ሊመለሱ ይገባል።

የመጀመሪያው የገበያ ኃይልን ይመለከታል። የንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት ተመን እጥረት ያመጣል የሚሉት ገበያው ውድድር የሰፈነበት ከሆነ ነው። ሻጩ አንድ ወይም ጥቂት ከሆነ፣ በአግባቡ የተሰላ ጣሪያ ዋጋን ሊቀንስ፣ የሚሸጠውንም መጠን ሊጨምር ይችላል። የምግብ ዘይት አስመጪዎች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ተመኑ ትክክል ነው ይላል ክርክሩ። መነሻው እውነት ነው። ሆኖም አስመጪዎቹ ጥቂት የሆኑት ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የውጭ ምንዛሪ ለረጅም ዘመን በድልድልና በወረፋ ሲሰጥ ኖሯል፤ ከ2003 ዓ.ም. በኋላም የፓልም ዘይትና የስንዴ አቅርቦት በመንግሥት ድርጅቶችና በተመረጡ አስመጪዎች በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል። በፈቃድና በድልድል የተፈጠረን የጥቂቶች ገበያ በተመን ማከም በሽታውን ጠብቆ ምልክቱን መቆጣጠር ነው። ለጥቂቶች ገበያ የሚስማማው መድኃኒት በሩን ለተጨማሪ ተወዳዳሪዎች መክፈት ነው። በሩ እስኪከፈት ድረስ ተመን አስፈላጊ ቢሆን እንኳ የወጪ ስሌቱ ለሕዝብ ይፋ መሆን፣ የሚያበቃበትም ቀን መወሰን አለበት።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ ይከብዳል። «ድሃው ዛሬ ይራባል፤ የገንዘብ ፖሊሲ እስኪስተካከል ሊጠብቅ አይችልም» የሚል ነው። ለዚህ ክርክር መልስ የማይሰጥ የገበያ ደጋፊ ሊደመጥ አይገባውም። መልሱን ለመፈለግ ወደ ወሎ ልመለስ። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው «ድህነትና ረሃብ» በተባለው መጽሐፉ የ1965 ዓ.ም.ን የወሎ ረሃብ ሲመረምር አንድ አስደንጋጭ ነገር አሳይቷል። ሰው በሚያልቅበት በዚያ ወቅት የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ሰዎቹ የሞቱት እህል ስለተወደደ ሳይሆን የሚገዙበት አቅም ስለጠፋ ነው፤ ከብታቸው አልቆ ነበር፣ እርሻቸው ከሽፎ ነበር፣ የሚቀጥራቸውም አልነበረም። በዚያ ዓመት ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ጣሪያ ቢወጣ አንድም ነፍስ ባላዳነ። ረሃብን የሚወስነው ዋጋና የመግዛት አቅም ተገናዝበው ነው፤ ከሁለቱ በመንግሥት እጅ ሊደገፍ የሚችለው ይበልጡን የመግዛት አቅሙ ነው።

ለዚህም መሣሪያው አለን። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በኋላም የተጨመረው የከተሞች ሴፍቲኔት፣ ለድሃው ገንዘብ ወይም እህል በቀጥታ የሚያደርስ መስመር ዘርግተዋል። ጉድለቱ ክፍያው ከዋጋ ጋር አብሮ አለመራመዱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የምግብ ዋጋ ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ በወጣበት ጊዜ የቀን ክፍያው የተስተካከለው ከ6 ብር ወደ 8 ብር ብቻ ነበር። ለተመን ማስፈጸሚያ የሚወጣው የሰው ኃይል፣ ገንዘብና ትኩረት የሴፍቲኔትን ክፍያ በየሩብ ዓመቱ ከአካባቢው የእህል ዋጋ ጋር ለማስተካከል ቢውል፣ ለዛሬው ረሃብ የሚሰጠው መልስ ፈጣን ይሆን ነበር። ተመን ለሀብታሙም ለድሃውም ያው ነው፤ ድጋፍ ግን ተለይቶ ለድሃው ይደርሳል።

ምን ይቆጣጠር?

ከላይ የተባለው ሁሉ መንግሥት ከምግብ ገበያ እጁን ያንሣ ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም። በእኔ እምነት የሚያስፈልገን ቁጥጥር አሁን ካለው የጠበቀ ነው፤ የሚጠብቅበት ቦታ ግን ይለያል።

አንደኛ፣ ሚዛን ይቆጣጠር። ዳቦ በቁጥር ሳይሆን በክብደት ይሸጥ፤ በየዳቦ ቤቱ ሸማቹ ራሱ የሚመዝንበት ሚዛን ይቀመጥ፤ የሚለጠፈውም የኪሎ ዋጋ ይሁን። እህል ሰብሳቢው በየወረዳው ገበያ የሚጠቀምበት ሚዛን በየጊዜው ይፈተሽ። በክብደት የሚያጭበረብር ሰው ሲገዛ ገበሬውን፣ ሲሸጥ ሸማቹን ይጎዳል። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ብሂል በሥነ ምግባር ረገድ እውነት ቢሆንም፣ በገበያ ውስጥ ግን ቁናውን የሚፈትሽ ተቋም ከሌለ አይፈጸምም።

ሁለተኛ፣ ጥራትን ይቆጣጠር። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለዚህ በቂ የሕግ መሠረት ይሰጣል። በዘመቻ ሰሞን ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የዋጋ ሰሌዳ የሚያነብ ተቆጣጣሪ፣ በዚያው ጉዞ የበርበሬና የቅቤ ናሙና ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ ቢመለስ ለሕዝብ የሚሰጠው አገልግሎት የላቀ ይሆናል። የናሙናው ውጤትም በየወሩ ይታተም፤ ሐቀኛው ነጋዴ ከቀላቃዩ የሚለይበት ሌላ መንገድ የለውም።

ሦስተኛ፣ መንገድና በር ክፍት መሆናቸውን ይቆጣጠር። በሕግ ያልተፈቀደ ኬላና ቀረጥ፣ የነጋዴዎች የዋጋ ስምምነት፣ ለአዲስ አስመጪ የሚዘጋ የፈቃድ አሠራር የውድድር ሕጉ ዒላማ መሆን አለባቸው። በየከተማው የተለመዱት የእሁድ ገበያዎች አምራቹንና ሸማቹን በማቀራረብ ያስገኙት ጥቅም፣ ተወዳዳሪ ሲጨመር ዋጋ ያለ ግብረ ኃይል እንደሚወርድ ያመለክታል።

አራተኛ፣ መጠባበቂያ ይያዝ፤ አያያዙም በታወቀ ደንብ ይመራ። መንግሥት በመኸር ገዝቶ በክረምት ሲሸጥ ዋጋን ያለ ትእዛዝ ያረጋጋል። ነገር ግን ስንት ብር ላይ ሲደርስ እንደሚገዛ፣ ስንት ላይ ሲደርስ እንደሚሸጥ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ የግል ነጋዴው የመንግሥትን ድንገተኛ ሽያጭ ፈርቶ ማከማቸቱን ይተዋል። ያኔ መጠባበቂያው የተካው ራሱ ያባረረውን ክምችት ይሆናል።

ከተመራማሪው የሚጠበቀው

በሀገራችን ስለ ምግብ ዋጋ የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ በወርኃዊ ዋጋ ተከታታይ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የገበያ ትስስርን፣ የዋጋ መዋዠቅን፣ የግሽበትን መንሥኤዎች ይመረምራሉ። ሥራው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ሁሉም ብሩን ብቻ የሚያይ መረጃ ሲመረምሩ፣ ተመን የሚደብቀው ዋጋ ከሁሉም እይታ ውጭ ይሆናል። የቀሩትን ሦስቱን ክፍሎች የሚመዘግብ ሰው ያስፈልገናል።

ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በአንድ ክፍለ ከተማ 30 ዳቦ ቤቶችን በዕጣ መርጦ፣ ከየዳቦ ቤቱ በየሁለት ሳምንቱ አምስት አምስት ዳቦ እየገዛ ለአንድ ዓመት ቢመዝን፣ የዳቦን እውነተኛ ዋጋ የሚያሳይ ተከታታይ መረጃ ይኖረዋል። ሌላዋ ተማሪ በሸማቾች ማኅበር ሱቅ በር ቆማ ሰዎች ስንት ሰዓት እንደተሰለፉ፣ ምን ሥራ እንዳላቸው፣ ዕቃውን አግኝተው ይሁን ባዶ እጃቸውን እንደተመለሱ ብትመዘግብ የወረፋን ግብር ማን እንደሚከፍል ታሳየናለች። ከምግብ ሳይንስ ክፍል የሚመጣ ሦስተኛ ተማሪ ተመን ከመውጣቱ በፊትና በኋላ የተገዛ በርበሬ ናሙና ቢያወዳድር፣ በኢኮኖሚክስ ክፍል ብቻ የማይመለስ ጥያቄ ይመልሳል። ሦስቱ ሥራዎች በአንድ ላይ ሲታተሙ የሚቀጥለው የዋጋ ጣሪያ በሚወጣበት ቀን ክርክሩ ከግምት ወጥቶ በመረጃ ላይ ይቆማል። ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ የታረመ ሚዛን፣ አንድ ሰዓትና አንድ መዝገብ ነው።